ስድስተኛው ድል፦ ወደ ቦውል የሚያልፉ የኮሌጅ ፉትቦል ቡድኖችን መተንበይ ለምን ያስቸግራል?

በየዓመቱ ኦገስት መጨረሻ ላይ የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል የውድድር ዘመን ሊከፈት ሲል፣ የስፖርት ጋዜጠኞችና የቁጥር ባለሙያዎች ገና አንድ ኳስ ሳይወረወር 82 ቡድኖችን የያዘ ዝርዝር ያወጣሉ። በዝርዝሩ የሚሰፍሩት በዲሴምበርና በጃንዋሪ ለሚካሄዱት የቦውል ጨዋታዎች ይበቃሉ ተብለው የተገመቱ ቡድኖች ናቸው። የዝርዝሩን ላይኛ ክፍል ውድድሩን በጨረፍታ የሚከታተል ሰው እንኳ ሊሞላው ይችላል፤ ኦሃዮ ስቴት፣ ጆርጂያ ወይም ኦሪገን ያልፋሉ ለማለት ልዩ ዕውቀት አያሻም። ሙያው የሚፈተነው መሐል ላይ፣ አምስት ወይም ስድስት ወይም ሰባት ጨዋታ ሊያሸንፉ በሚችሉት ቡድኖች ላይ ነው። የእነዚህን የመሐል ቡድኖች ዕጣ፣ እኔ እንደማየው፣ ከችሎታቸው ይልቅ መርሐ ግብራቸውና የጥቂት ነጥቦች ልዩነት ይወስኑታል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ቦታዎች የሚሞሉት ሜዳ ላይ ሳይሆን በዩኒቨርሲቲዎቹ ቢሮ ውስጥ ሆኗል።

ቦውል ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት መግቢያ ያስፈልጋል። ቦውል ማለት መደበኛው ውድድር ካበቃ በኋላ ለተመረጡ ቡድኖች የሚዘጋጅ ጨዋታ ነው። የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ጨዋታ በ1902 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በፓሳዴና፣ ካሊፎርኒያ ሚሺጋን ስታንፎርድን 49 ለ 0 የረታበት ሲሆን፣ ዛሬ ሮዝ ቦውል የሚባለው የእሱ ወራሽ ነው። በ2025 ኤፍቢኤስ በሚባለው ከፍተኛ ምድብ 136 ቡድኖች ነበሩ። የጥሎ ማለፉ ውድድር በ2024 ከአራት ወደ 12 ቡድኖች ካደገ ወዲህ፣ 12 ቡድኖች ለብሔራዊ ሻምፒዮናው ይመረጣሉ፤ ሌሎች 70 ቡድኖች ደግሞ በ35 ቦውሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው አንድ አንድ ጨዋታ ያደርጋሉ። ሲደመር 82፣ ማለትም ከመቶ 60 ያህሉ ቡድን ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የለመደ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። በዚያ ሊግ ሁሉም ከሁሉም ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚጫወት ሰንጠረዡ ፍርድ ይሰጣል፤ በኮሌጅ ፉትቦል ግን አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር የሚጫወተው 12 ጨዋታ ብቻ ነው፤ በምድቡ ካሉት ከ120 በላይ ቡድኖች ጋር ጨርሶ አይገናኝም። ስድስት ድል በአንዱ ኮንፈረንስ (ቡድኖች ተሰባስበው በአብዛኛው እርስ በርስ የሚጫወቱበት ማኅበር ነው) እና ስድስት ድል በሌላው አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም፤ ደንቡ ግን እኩል ይቆጥራቸዋል።

ደንቡ ራሱ ለመናገር ቀላል ነው፦ ከ12 ጨዋታ ስድስቱን ያሸነፈ ቡድን ለቦውል ብቁ ይሆናል። ችግሩ ያለው በደንቡ ዝርዝር አንቀጾች ውስጥ ነው። ከዝቅተኛው ምድብ፣ ከኤፍሲኤስ፣ በመጡ ቡድኖች ላይ ከተገኙ ድሎች የሚቆጠረው አንዱ ብቻ ነው። በ2023 የጦር አካዳሚው ቡድን አርሚ በዲሴምበር የባሕር ኃይል አካዳሚውን ኔቪን አሸንፎ ውድድሩን በ6 ድልና በ6 ሽንፈት ዘጋ፤ ሆኖም ከድሎቹ ሁለቱ በኤፍሲኤስ ቡድኖች፣ በደላዌር ስቴትና በሆሊ ክሮስ ላይ የተገኙ ስለነበሩ ለደንቡ አምስት ብቻ ተቆጠሩለት፣ ቦውልም ሳያይ ቀረ። በዚያው ዓመት ጄምስ ማዲሰን 11 አሸንፎ አንድ ብቻ ቢሸነፍም፣ ከዝቅተኛው ምድብ ወደ ላይኛው በመሸጋገር ላይ ያለ ቡድን በመሆኑ መብቱ አልነበረውም፤ የገባው ብቁ ቡድኖች ቁጥር ስላልሞላ ነው። ትንበያ የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው ድሎችን በመገመት ሳይሆን እንዲህ ያሉትን አንቀጾች በመዝለል ነው።

ብቁ ቡድኖች ቁጥራቸው ሳይሞላ የሚቀረው በአጋጣሚ አይደለም፤ ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ሁለት የኤፍቢኤስ ቡድኖች በተጋጠሙ ቁጥር አንዱ ያሸንፋል፣ አንዱ ይሸነፋል፤ ስለዚህ ምድቡ በራሱ ውስጥ የሚያመርተው ድልና ሽንፈት ሁልጊዜ እኩል ነው። አማካዩን ከስድስት በጥቂቱ ከፍ የሚያደርገው፣ አብዛኞቹ ቡድኖች በዓመት አንድ ጊዜ ከኤፍሲኤስ ደካማ ቡድን ጋር ተጫውተው የሚያገኙት ድል ነው። በዚህ ላይ ጠንካራዎቹ አሥርና አሥራ አንድ ድል ለራሳቸው ሲያከማቹ ለመሐሉ የሚቀረው ይሳሳል። ውጤቱም ስድስት ድል ያላቸው ቡድኖች ቁጥር ዘወትር በ82 አካባቢ ያንዣብባል፤ አንድ ዓመት በትክክል ይሞላል፣ ሌላ ዓመት ሁለት ሦስት ይጎድላል። ሲጎድል አምስት አሸንፈው ሰባት የተሸነፉት ይጠራሉ፤ ቅደም ተከተላቸውም በጨዋታ ሳይሆን ኤፒአር በሚባለው፣ ተጫዋቾች በትምህርታቸው መቀጠላቸውን በሚለካ ነጥብ ይወሰናል። በ2015 በዚህ መንገድ የገቡት ሦስቱም ቡድኖች፣ ነብራስካ፣ ሚኒሶታና ሳን ሆዜ ስቴት፣ ቦውላቸውን አሸንፈዋል፤ በ5-7 እና በ6-6 መካከል ያለው የችሎታ ልዩነት ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ወደ ትንበያው አሠራር እንግባ። በሰፊው የሚጠቀሱት ሞዴሎች፣ ለምሳሌ የተንታኙ የቢል ኮኔሊ ኤስፒ ፕላስና የስፖርት ቴሌቪዥኑ የኢኤስፒኤን ኤፍፒአይ፣ በመሠረቱ የሚሄዱበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን በነጥብ የሚገለጽ የጥንካሬ ደረጃ ይሰጡታል። ከውድድሩ በፊት ይህ ደረጃ የሚመነጨው ካለፉት ዓመታት ውጤት፣ ከምልመላ ጥራትና ካለፈው ዓመት ሥራ ውስጥ ምን ያህሉን የሠሩት ተጫዋቾች እንደተመለሱ ከሚያሳየው ስሌት ነው። ቀጥሎ የሁለቱን ቡድኖች ደረጃ አቀናንሰው፣ ለባለሜዳው ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ያህል ጨምረው፣ ልዩነቱን ወደ ማሸነፍ ዕድል ይቀይሩታል። የ12ቱ ጨዋታዎች ዕድል ሲደመር የሚጠበቀውን የድል ብዛት ይሰጣል፤ ውድድሩን በኮምፒዩተር በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ደጋግሞ ማጫወት ደግሞ ስድስትና ከዚያ በላይ የማሸነፍ ዕድሉን ያሳያል።

በምሳሌ እንየው። ከኃያላኑ ኮንፈረንሶች በአንዱ ስምንት የኮንፈረንስ ጨዋታ የሚያደርግ፣ መካከለኛ የሆነ አንድ ምናባዊ ቡድን እንውሰድ። ከኮንፈረንሱ ውጭ በሚያደርጋቸው አራት ጨዋታዎች የማሸነፍ ዕድሉ በመቶኛ 97፣ 88፣ 82 እና 55 ይሁን፤ በኮንፈረንሱ ውስጥ ደግሞ 60፣ 50፣ 45፣ 40፣ 35፣ 25፣ 15 እና 10። የሁሉም ድምር 6.02 ነው፤ ስለዚህ «ስድስት ያሸንፋል» ተብሎ ይጻፍለታል። ነገር ግን ስድስትና ከዚያ በላይ የማሸነፍ ዕድሉ ሲሰላ 64 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጋዜጣው በእርግጠኝነት የዘረዘረው ቡድን እንግዲህ ከሦስት ዓመት በአንዱ ቤቱ ይቀራል ማለት ነው። አሁን አንድ ጨዋታ ብቻ እንለውጥ፤ 82 በመቶ ዕድል ያለው ቀላል ጨዋታ ወጥቶ በምትኩ 35 በመቶ ዕድል ያለው የኮንፈረንስ ጨዋታ ይግባ። ተጫዋቾቹ እነዚያው፣ አሠልጣኙም እሱው ነው፤ የቦውል ዕድሉ ግን ወደ 51 በመቶ ይወርዳል። ለዚህ ነው የቡድኖችን ደረጃ ከላይ ወደ ታች ደርድሮ 82ኛው ላይ መስመር የሚያሰምር ሰው፣ መርሐ ግብሩን ጨዋታ በጨዋታ በሚቆጥር ሰው የሚበለጠው።

ይህ ለውጥ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። 16 ቡድኖች ያሉት የደቡብ ምሥራቁ ኮንፈረንስ፣ ኤስኢሲ፣ ከ2026 ጀምሮ የኮንፈረንስ ጨዋታዎችን ለእያንዳንዱ ቡድን ከስምንት ወደ ዘጠኝ ለማሳደግ ወስኗል። ቢግ ቴንና ቢግ ትዌልቭ ከዚህ ቀደም ብለው ዘጠኝ ይጫወቱ ነበር። በስምንት ጨዋታ የኤስኢሲ የውስጥ ግጥሚያዎች 64 ናቸው፤ በዘጠኝ ሲሆኑ 72 ይደርሳሉ። እያንዳንዱ ግጥሚያ አንድ ተሸናፊ ስላለው፣ ኮንፈረንሱ ቡድኖቹ የቱንም ያህል ቢጠነክሩ ስምንት ተጨማሪ ሽንፈቶችን በየዓመቱ ለራሱ አባላት ያከፋፍላል። ሽንፈቶቹን በዋናነት የሚሸከሙት አላባማና ጆርጂያ ሳይሆኑ፣ ቀድሞ ከአነስተኛ ኮንፈረንስ በመጣ እንግዳ ላይ በሚገኝ ድል ስድስት ይሞሉ የነበሩት ናቸው። በ2025 ውጤት ላይ ተመሥርቶ የ2026ን ዝርዝር የሚያወጣ ሰው የኤስኢሲን የታችኛውን ግማሽ ዕድል ካልቀነሰ ሒሳቡ አይሠራም።

ከመርሐ ግብር ቀጥሎ ያለው የጥቂት ነጥቦች ጉዳይ ነው፤ ስለዚህም ከነብራስካ በላይ የሚያስተምር ቡድን የለም። ከ1969 እስከ 2003 ለ35 ተከታታይ ዓመታት ቦውል ያልተለየው ይህ ቡድን፣ በ2021 ሦስት አሸንፎ ዘጠኝ ተሸነፈ። ዘጠኙም ሽንፈቶች በዘጠኝ ነጥብ ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት ነበሩ፤ እንዲያውም በዓመቱ ያስቆጠረው ነጥብ ከተቆጠረበት ይበልጥ ነበር። ሞዴሎች እንዲህ ያለውን ቡድን ሲያዩ «ዕድለ ቢስ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል» ይላሉ፤ በአብዛኛውም ልክ ናቸው፤ ምክንያቱም በጠባብ ልዩነት የሚያልቁ ጨዋታዎችና ተነጥቀው የሚወሰዱ ኳሶች ከዓመት ዓመት አይደጋገሙም። ነብራስካ ግን በ2022 አራት ብቻ አሸነፈ። በ2023 በአዲሱ አሠልጣኝ በማት ሩል ሥር ከስምንት ጨዋታ አምስቱን አሸንፎ ከቀሩት አራት አንዷን ብቻ ሲፈልግ፣ በሚሺጋን ስቴት 20 ለ 17፣ በሜሪላንድ 13 ለ 10፣ በዊስኮንሲን በጭማሪ ሰዓት 24 ለ 17፣ በአዮዋ ደግሞ በድጋሚ 13 ለ 10 ተረታ። ከአራቱ ሽንፈቶች ሦስቱ በሦስት ሦስት ነጥብ ብቻ ነበሩ።

የዚያ ዓመት ነብራስካ 5-7 ሆኖ ነው የጨረሰው፤ በ2015 በኤፒአር ነጥቡ ገብቶ ዩሲኤልኤን 37 ለ 29 ያሸነፈበትን ውጤት ማለት ነው። በ2023 ግን ለ5-7 ቡድኖች የተረፈው አንድ ቦታ ሲሆን እሱንም ሚኒሶታ ወሰደው። አንድ ዓይነት ውጤት በአንዱ ዓመት ቦውል ያስገባል፣ በሌላው ያስቀራል፤ ልዩነቱ ሌሎች መቶ ሠላሳ ቡድኖች ምን እንዳደረጉ ነው። በ2024ም ታሪኩ ሊደገም ጥቂት ቀርቶት ነበር። ነብራስካ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ጨዋታዎች አምስቱን አሸንፎ ቀጥሎ አራት ተከታታይ ሽንፈት ቀመሰ፤ በመጨረሻ በኖቬምበር ዊስኮንሲንን 44 ለ 25 ረትቶ ስድስተኛውን ድል አገኘ፣ ቦስተን ኮሌጅንም በያንኪ ስታዲየም በፒንስትራይፕ ቦውል 20 ለ 15 አሸነፈ። ለሰባት የውድድር ዘመን ከቦውል የራቀበት ጊዜ በዚህ አበቃ። በየዓመቱ «ዘንድሮ ያልፋል» ያሉት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ስሌታቸውም የተሳሳተ ላይሆን ይችላል። የ60 በመቶ ዕድል ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሊከሽፍ እንደሚችል ግን ብዙ አንባቢ አይቀበልም።

ሞዴሎቹ በእውነት የሚወድቁበት ቦታ ሌላ ነው። በ2021 ተጫዋቾች ዩኒቨርሲቲ ሲቀይሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አንድ ዓመት ከሜዳ ውጭ መቀመጥ ቀረላቸው፣ በ2024 ደግሞ ገደቡ ለተደጋጋሚ ለውጥም ተነሳ፤ በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙም በ2021 ተፈቅዷል። በዚህ የተነሳ የቡድን ስም ያለፈውን ታሪክ ይሸከማል እንጂ ያለፈውን ቡድን አይሸከምም። የ2024 ውድድር ይህን በግልጽ አሳይቷል። ፍሎሪዳ ስቴት በ2023 መደበኛውን ውድድርና የኮንፈረንሱን ፍጻሜ ጨምሮ 13 ጨዋታ ሳይሸነፍ ጨርሶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከ12 ጨዋታ ሁለት ብቻ አሸነፈ። ኢንዲያና በተቃራኒው በ2023 ሦስት ብቻ አሸንፎ ነበር፤ ጋዜጠኞች ከቢግ ቴን 18 ቡድኖች 17ኛ ይሆናል ብለው ገመቱት፤ እሱ ግን 11 አሸንፎ ለጥሎ ማለፉ ተመረጠ። ወደ ኋላ ዞር ብሎ ለሚያይ ሰው ምልክቱ ነበር፤ አዲሱ አሠልጣኝ ከርት ሲግኔቲ ከላይ የጠቀስነውን 11 ያሸነፈ ጄምስ ማዲሰን ትቶ የመጣ ሲሆን፣ ከአሥር በላይ ተጫዋቾቹም ተከትለውት መጥተዋል። ያለፈውን የኢንዲያና ውጤት የሚያነብ ሞዴል ሌላ ቡድን እያነበበ ነበር።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ የሜዳ ጉዳይ ነው። ቡድኑ ብቁ ከሆነ በኋላ የት እንደሚሄድ የሚወስነው ደግሞ ኮንፈረንሶች ከቦውሎች ጋር የገቡት ውልና የቴሌቪዥን ፍላጎት ነው፤ ከቦውሎቹ በርካታዎቹ የኢኤስፒኤን ቅርንጫፍ ንብረት ናቸው፣ አብዛኞቹን የሚያስተላልፈውም ኢኤስፒኤን ነው። ይህ ክፍል ለትንበያ ብዙም አያስቸግርም፣ እንለፈው። የሚያስቸግረው አዲሱ ነገር ነው፦ ብቁ የሆነ ቡድን መሄድ ይፈልጋል ወይ?

ድሮ ይህ ጥያቄ አይነሳም ነበር። በ2023 ፍሎሪዳ ስቴት ሳይሸነፍ ለጥሎ ማለፉ ከተመረጡት አራት ቡድኖች ውጭ ሲቀር በርካታ ዋና ተጫዋቾቹ ኦሬንጅ ቦውልን ትተው በጆርጂያ 63 ለ 3 ቢረታም፣ ቡድኑ ቢያንስ ወደ ሜዳው መጥቷል። በ2024 ግን የሰን ቤልት ኮንፈረንስ ሻምፒዮን ማርሻል፣ አሠልጣኙ ወደ ሳውዘርን ሚሲሲፒ ሄዶ ከ20 በላይ ተጫዋቾች ወደ ዝውውር ፖርታል፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲ መቀየር የሚፈልጉ ወደሚመዘገቡበት መዝገብ ሲገቡ፣ ከኢንዲፔንደንስ ቦውል ራሱን አገለለ፤ በምትኩ 5-7 የነበረው ሉዊዚያና ቴክ ተጠርቶ በአርሚ 27 ለ 6 ተሸነፈ። በ2025 ነገሩ ሰፋ። ኖትር ዳም አሥር አሸንፎ ከጥሎ ማለፉ ሲቀር ማንኛውንም ቦውል አልጫወትም አለ። አዮዋ ስቴትና ካንሳስ ስቴት አሠልጣኞቻቸው በለቀቁ ማግሥት ግብዣውን አልተቀበሉም፤ ቢግ ትዌልቭም እያንዳንዳቸውን 500,000 ዶላር ቀጣ። ክፍት የሆኑትን ቦታዎች ለመሙላት ወደ 5-7 ቡድኖች ሲደወል በርካታዎቹ እምቢ አሉ፤ እየተወረደ ተሄዶ አፓላቺያን ስቴት የበርሚንግሃም ቦውልን ተቀበለ።

ይህን ተከትሎ ቦውል ሊሞት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ እንደዚያ አልቸኩልም። እምቢ ያሉትን ቡድኖች ስንመረምር ከኖትር ዳም በቀር አብዛኞቹ ወይ አሠልጣኝ የቀየሩ ወይ አምስት ብቻ ያሸነፉ ናቸው። ለአነስተኛ ኮንፈረንስ ቡድን ቦውል ዛሬም በብሔራዊ ቴሌቪዥን የሚታይበትና ወጣት ተጫዋቾቹ ለተጨማሪ ሳምንታት የሚለማመዱበት ዕድል ነው። ለትንበያው ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ከአሁን በኋላ የሚሰላው ዕድል የሁለት ነገሮች ብዜት መሆን አለበት፦ ብቁ የመሆን ዕድልና ከሆነ በኋላ የመቀበል ዕድል። ሁለተኛው ቁጥር ለአብዛኛው ቡድን ወደ መቶ የሚጠጋ ሲሆን፣ አሠልጣኙን በኖቬምበር መጨረሻ ለሌላ ዩኒቨርሲቲ ለተነጠቀ ቡድን ግን በግልጽ ከዚያ ያንሳል።

አንባቢ እነዚህን ዝርዝሮች እንዴት ይመዝናቸው? «ከ82ቱ 65ቱን ልክ አገኘ» የሚለው ሙገሳ ብዙ አይናገርም፤ ሃምሳውን ማንም ያገኘዋልና። የሚሻለው ፈተና በመሐሉ ላይ የሚደረግ ነው። ተንታኙ ለ30 ቡድኖች 60 በመቶ ዕድል ከሰጠ፣ 18 ያህሉ ማለፍ አለባቸው፤ ሠላሳውም ቢያልፉ ተንታኙ ፈሪ ነበር እንጂ ጎበዝ አልነበረም። ሌላው መመዘኛ አወራራጅ ድርጅቶች ከውድድሩ በፊት የሚያወጡት የድል መስመር፣ ማለትም ቡድኑ ከዚህ በላይ ያሸንፋል ወይስ በታች ተብሎ የሚወራረዱበት ቁጥር ነው። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በዳላስ ወይም በአትላንታ የሚኖር ወገን ይህን ቁጥር በስልኩ አይቶት ያውቃል፤ መስመሩ 5.5 የሆነበት ቡድን ጥያቄ በቀጥታ «ቦውል ይገባል ወይስ አይገባም?» ማለት ነው። ዋጋው ውስጥ የድርጅቱ ትርፍ ስለተካተተ ግን የ«ያልፋል» እና የ«አያልፍም» ዕድሎች ሲደመሩ ከመቶ ይበልጣሉ። ያንን ትርፍ ሳይቀንስ ቁጥሩን እንደ እውነተኛ ዕድል የሚወስድ ሰው ኪሱን ይጎዳል።

ለ2026 ዝርዝር ለሚያዘጋጅ ሰው ከሁሉ በፊት የሚታዩት ሦስት ናቸው። አንደኛው የኤስኢሲ ዘጠነኛ ጨዋታ ነው። ሁለተኛው፣ በ2024 ሁለት ቡድን ብቻ ቀርቶት የነበረው ፓክ ትዌልቭ የተባለው ኮንፈረንስ ቦይዚ ስቴትንና ቴክሳስ ስቴትን ጨምሮ ስድስት ቡድኖችን ወስዶ በስምንት ቡድን እንደገና መቋቋሙ ነው፤ ለነዚህ ቡድኖች ያለፉት ዓመታት መርሐ ግብር መመሪያ አይሆንም። ሦስተኛው የዝውውር ፖርታሉ መስኮት፣ ማለትም መመዝገቢያው ጊዜ፣ ወደ ጃንዋሪ መዛወሩ ነው። ለውጡ ተጫዋቾች ከቦውል በፊት እንዳይበተኑ ይረዳል፤ አሠልጣኞች ግን ዛሬም የሚቀጠሩትና የሚባረሩት በኖቬምበር መጨረሻና በዲሴምበር መጀመሪያ ነው። የ2025ቱ እምቢታዎች የተከሰቱት መስኮቱ ከተዛወረ በኋላ መሆኑን ስናስታውስ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ቦታዎች ላይ ከኤፒአር ሰንጠረዡ እኩል የአሠልጣኞችን የቅጥር ዜና መከታተል ያዋጣል።